ለአዳማ ውሃ የትኛው ኃይል ያዋጣል? የመብራት መስመሩ፣ ናፍጣው፣ ፀሐዩ ወይስ ነፋሱ?

አዳማ ላይ መብራት ሲጠፋ ውሃም ይከተለዋል። ወዲያው ላይሆን ይችላል። ማጠራቀሚያው ሞልቶ ከነበረ ጥቂት ሰዓት ያቆያል። ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያሉ ሰፈሮች ቧንቧቸው ማፏጨት ይጀምራል፣ ጀሪካን ይሰለፋል፣ ሮቶ የሌለው ቤት ሮቶ ያለውን ጎረቤት ደጅ ይጠናል።

ነገሩ ከቦታው አቀማመጥ ይጀምራል። ከተማዋ በዋናነት የምትጠጣው አዋሽን ነው። ውሃው ከቆቃ ግድብ በታች ተስቦ ይጣራና ሽቅብ ወደ ከተማ ይገፋል። ጉድጓድ ቆፍሮ መገላገል እንዳይባል፣ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስ አጥንት ይጎዳል። ስለዚህ ወንዙ ታች፣ ጠጪው ላይ ነው። በመሃላቸው ያለው ኤሌክትሪክ ነው።

ይህ የአዳማ ብቻ ጣጣ አይደለም። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ግምት፣ ውሃ ማውጣት፣ መግፋትና ማጣራት ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ 4 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ለአንድ የከተማ ውሃ አገልግሎት ደግሞ የኃይል ወጪ ከትልልቆቹ ወጪዎች አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ ከደመወዝ ጋር የሚፎካከረው እሱ ነው።

አሁን ሶላር የሚሸጡ ድርጅቶች በየቢሮው ፕሮፖዛል ይዘው ይዞራሉ። የነፋስ ተርባይን ይሻላል የሚልም አለ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትገቡ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን አይቶ ማለት ነው። «ጄኔሬተር ጨምሩልን» የሚለው ድምፅም አልጠፋም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በውሃ አገልግሎት ቦርድ ውስጥ ለሚወስኑ፣ ፓምፕ ጣቢያ ለሚሠሩና ቢሉን ለሚከፍሉ ነዋሪዎች ነው። የኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ መጀመሪያ የሚባክነውን ማዳን፣ ቀጥሎ ማጠራቀሚያ፣ ከዚያ ፀሐይ። ነፋሱን ለኮረብታው እንተውለት።

ከሁሉ በፊት፦ አንድ ሜትር ኩብ ስንት ያስወጣችኋል?

አማራጮችን ከማወዳደር በፊት አንድ ቁጥር ያስፈልጋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን አንብቡ። በዚያው ደቂቃ ፓምፑ መውጫ ላይ ያለውን ትልቁን የውሃ ቆጣሪ አንብቡ። በማግስቱ በተመሳሳይ ሰዓት ድገሙት። የኤሌክትሪኩን ልዩነት ለውሃው ልዩነት አካፍሉ። የሚመጣው በሜትር ኩብ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደምትበሉ ነው። ይህን ቁጥር የማያውቅ መሥሪያ ቤት ምንም ዓይነት ፕሮፖዛል መገምገም አይችልም። ሻጩ የነገረውን መቀበል ብቻ ይቀረዋል።

ቁጥሩ ከምን ጋር ይነጻጸር? ፊዚክሱ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት፣ ምንም ነገር ባይባክን፣ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። በተግባር ፓምፑም ሞተሩም ቧንቧውም የየድርሻቸውን ያባክናሉ። በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ጣቢያ በአጠቃላይ 65 በመቶ ቅልጥፍና ቢኖረው፣ 0.42 ይሆናል። ያረጀ፣ ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍሉ) የተበላ ፓምፕ ወደ 45 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ 0.61 ይገባል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በቀን 20,000 ሜትር ኩብ ለሚገፋ ከተማ ግን በቀን ወደ 3,700 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያንን ያህል በሶላር ለማምረት ከ800 ኪሎዋት በላይ ፓነል ያስፈልጋል። አንድ ሄክታር ገደማ መሬት ማለት ነው። እንግዲህ ኢምፔለር መቀየር፣ ቤሪንግ መቀየርና ሞተር ማስጠገን ከዚህ ጋር ነው የሚወዳደረው። የትኛው እንደሚረክስ ለመናገር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

የሚፈሰውም እንዲሁ ነው። ከዚያው 20,000 ውስጥ 30 በመቶው በየመንገዱ ከተሰነጠቀ ቧንቧ ቢፈስ፣ አብሮት በቀን 2,500 ኪሎዋት ሰዓት አስፋልት ሥር ይቀራል። አንዴ ተጣርቶ፣ አሉም (ቆሻሻ የሚያዘቅጠው ኬሚካል) ገብቶበት፣ ክሎሪን ገብቶበት፣ ተገፍቶ ከመጣ በኋላ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ፍሳሽ ፈልጎ የሚጠግን ቡድን በጀት ሲጠይቅ ወረፋ ይጠብቃል፣ ሪቫን የሚቆረጥበት ፕሮጀክት ግን ቶሎ ይፈቀዳል።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይናችሁ እዩ። ፓምፕ ቤት ግቡና ከፓምፑ መውጫ ላይ ያለውን ቫልቭ ተመልከቱ። ግማሹ ተዘግቶ ከሆነ ያ ፓምፕ ለቦታው ትልቅ ነው ማለት ነው። ኦፕሬተሩን አትውቀሱት። ሙሉ ቢከፍተው ሞተሩ ከልክ በላይ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ መከላከያው ይቆርጠዋል። ስለዚህ ቫልቩን ጠበቅ አድርጎ ይኖራል። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ውሃ ግን ግፊቱን እዚያው እየጣለ ነው፤ ያ ግፊት የተከፈለበት ኤሌክትሪክ ነው። መፍትሔው ኢምፔለሩን በልኩ ማስጠረብ ወይም ፍጥነት የሚቆጣጠር ድራይቭ ማስገባት ነው።

ድራይቭ ሲባል ግን ጠንቀቅ በሉ። የፓምፕ ፍጥነት በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚበላው ኃይል በግማሽ ያህል ይወርዳል የሚለው ማስታወቂያ ውሸት አይደለም። የሚሠራው ግን ግፊቱ ሁሉ በቧንቧ ውስጥ በፍትጊያ ለሚያልቅበት መስመር ነው። ከወንዝ ወደ ኮረብታ ማንሳት ሌላ ነው። ከፍታው አይቀንስም፤ ፍጥነቱን ብዙ ከቀነሳችሁ ውሃው ጭራሽ ላይ አይደርስም። ድራይቭ የሚያዋጣው ከተማ ውስጥ ባለው ሥርጭት ላይ ነው፣ ጠዋትና ሌሊት ፍላጎቱ በሚለያይበት።

ዋናው መስመር

አማራጭ ቁጥር አንድ አሁን ያለው ነው፤ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መግዛት። ስለ ታዳሽ ኃይል ስንነጋገር የምንረሳው ነገር አለ። የአገራችን መስመር ራሱ ታዳሽ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከግድብ ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው ከነፋስ። ቆቃ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 43 ሜጋዋት ገደማ እየያዘ አለ። ከአዳማ አፍንጫ ሥር ደግሞ የነፋስ ጣቢያዎቹ አዳማ አንድ በ51፣ አዳማ ሁለት በ153 ሜጋዋት ይሽከረከራሉ። የዓባይ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት ይዞ ተመርቋል።

ስለዚህ ዮርዳኖስ ወይም ካሊፎርኒያ ያለ የውሃ መሥሪያ ቤት ሶላር ሲተክል በጋዝ የሚመረት ኤሌክትሪክ ይተካል፤ ጭስ ቀነስኩ ቢል እውነቱን ነው። አዳማ ላይ ይህ ምክንያት ብዙም አያስኬድም። እዚህ ሶላር የሚተከልበት ምክንያት ሁለት ነው፦ ናፍጣን ለመተካትና ቢሉን ለመቀነስ። ፕሮፖዛሉን በእነዚህ ሁለት መዝኑት።

የመስመሩ ጉድለት መቆራረጡና የቮልቴጁ መዋዠቅ ነው። አንድ ፌዝ (ሞተሩን ከሚመግቡት ሦስት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች አንዱ) ጎድሎ ሞተር ከተቃጠለ ኪሳራው ከወር ቢል ይበልጣል። ለዚህ ርካሹ መድኃኒት የፌዝ መጉደል መከላከያ ሪሌ ነው። እሱ ሳይኖር ትልቅ ፓምፕ የሚያሠራ ጣቢያ ካለ ነገ ዛሬ ሳይባል ይገጠምለት። ሁለተኛው፣ ፓምፕ ጣቢያው ከሰፈር መስመር ተለይቶ የራሱ መስመር እንዲዘረጋለት መደራደር ነው። ሰፈር ውስጥ የአንድ ወፍጮ ቤት ትራንስፎርመር ሲበላሽ የከተማው ውሃ አብሮ መቆም የለበትም።

ቢሉንም እስከ ታች አንብቡት። ትልልቅ ደንበኞች የሚከፍሉት ለኪሎዋት ሰዓት ብቻ አይደለም። በወሩ ውስጥ አንዴ ለደረሱበት ከፍተኛ ጭነትም ይከፍላሉ። ሦስት ፓምፕ በአንድ ጊዜ ማሠራት ያንን ቁጥር ሽቅብ ይሰቅለዋል። በሚቻልበት ጊዜ ተራ በተራ ማሠራት ወጪ የለውም። ፓወር ፋክተሩ (ከምትስቡት ኤሌክትሪክ በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) የወረደ ከሆነ፣ እሱን የሚያሻሽል ካፓሲተር ባንክ ይገጠም፤ ወጪውን ቶሎ ከሚመልሱት ሥራዎች አንዱ ነው። ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ፣ ዛሬ የማያዋጣ የሚመስል ጥገና በሚቀጥለው ዓመት ሊያዋጣ ይችላል። ስሌቱን በየዓመቱ ድገሙት።

ናፍጣ

ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ ከ3 እስከ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። ባለ 200 ኪሎዋት ፓምፕ እንግዲህ በሰዓት 60 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በዛሬው የነዳጅ ዋጋ አባዙትና እዩት። በዚያ ላይ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ማደያ ላይ ሰልፍ።

ይጣል ወይ? አይጣልም። መብራት ለሁለት ቀን ቢጠፋ፣ ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱ ውሃ ሊያገኙ የሚችሉት በእሱ ነው። ግን የአደጋ ጊዜ መሣሪያ ሆኖ ይቆይ። በየወሩ ለግማሽ ሰዓት ከነጭነቱ ይሠራ፣ ባትሪው ይታይ። ዓመት ሙሉ ሳይነካ የቆመ ጄኔሬተር በተፈለገ ቀን አይነሳም።

ፀሐይ

አዳማ ለፀሐይ የተመቸች ናት። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ቀኑ ክረምት ከበጋ አይራራቅም። አንድ ኪሎዋት ፓነል በአማካይ በቀን 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ስለሚከብድ ከዚያ ይወርዳል፤ በጋ ላይ ይሻላል። ፓነሉ 25 ዓመት ይሠራል። ኢንቨርተሩ (የፓነሉን ኤሌክትሪክ መስመሩ ወደሚጠቀምበት ዓይነት የሚቀይረው) ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ አንዴ ይቀየራል፤ ያ ወጪ ፕሮፖዛሉ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ደረስን። «መብራት ሲጠፋ ሶላሩ ይሠራል» ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት፣ ቆም በሉ። ከመስመር ጋር ተጣምሮ የሚሠራ ተራ ኢንቨርተር መብራት በጠፋ ቅጽበት እሱም ራሱን ያጠፋል። መስመር ላይ የሚሠራ ሠራተኛ እንዳይሞት ሆን ተብሎ የተሠራ ጥበቃ ነው። ፀሐይ አናት ላይ እየከረረች፣ ሄክታር ሙሉ ፓነል ተዘርግቶ፣ ፓምፑ ይቆማል።

መውጫው ሦስት ነው። አንደኛው ከፓነል በቀጥታ ፓምፕ የሚያዞር የሶላር ድራይቭ ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ ፍጥነቱን ከፀሐዩ ጋር ያስማማል፣ ሞተሩንም ቀስ አድርጎ ስለሚያስነሳ የማስነሻ አምፔር አያስጨንቅም። ለጉድጓድ ፓምፕና ለመካከለኛ የግፊት ማሳደጊያ ጣቢያ ይህን እመርጣለሁ። ሁለተኛው ሶላሩን ከጄኔሬተሩ ጋር በመቆጣጠሪያ ማጣመር ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ሶላሩ እሱን ተከትሎ ይመለስና ናፍጣውን ይቀንሳል። ጄኔሬተሩ ግን ቢያንስ 30 በመቶ ያህል ጭነት ይዞ መቆየት አለበት፤ ካልሆነ ካርቦን ይቋጥራል። ሦስተኛው ራሱን ችሎ መስመር የሚፈጥር ኢንቨርተር ከባትሪ ጋር ነው። ይሠራል፣ ውድ ነው። ለኬሚካል መጨመሪያ፣ ለክሎሪን፣ ለመቆጣጠሪያ ክፍልና ለላቦራቶሪ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ለትልቁ ፓምፕ አልመክርም።

ምክንያቱም ውሃ መሥሪያ ቤት ከሌላው ሁሉ የሚለይበት አንድ ዕድል አለው፤ ኃይሉን ኮረብታ ላይ ማስቀመጥ ይችላል። 500 ሜትር ኩብ ውሃ ማታ 100 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት 210 ኪሎዋት ሰዓት የሚለቅ ባትሪ ያስፈልጋል። ያንኑ ውሃ ቀን በፀሐይ ገፍቶ ማጠራቀሚያ ውስጥ ማሳደር ግን ባትሪ አይጠይቅም። ባትሪ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይሠራል። በደንብ የተገነባ ኮንክሪት ማጠራቀሚያ የልጅ ልጅ ያጠጣል። መብራት ማታ ሲጠፋም፣ ውሃው በስበት ይወርዳል እንጂ ማንንም አይጠይቅም።

ይህም ገደብ አለው፣ አልደብቅም። ፀሐይ ጠቃሚ የምትሆነው ከጠዋቱ 3 እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው። አሁን በ20 ሰዓት የምትገፉትን ውሃ በ7 ሰዓት እንግፋ ካላችሁ ሦስት እጥፍ ፍሰት ያስፈልጋል። ቧንቧ ውስጥ ያለው የፍትጊያ ኪሳራ ደግሞ በፍሰቱ ካሬ ያድጋል፤ ሦስት እጥፍ ፍሰት ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ከአዋሽ የሚመጣውን ዋናውን የውሃ ቧንቧ ሙሉ በሙሉ በፀሐይ እናሠራለን የሚላችሁ ካለ፣ ስለ ቧንቧው ዲያሜትር ጠይቁት። ዋናው ቧንቧ ቀን ላይ ከፀሐይ የሚችለውን ይውሰድ፣ የቀረውን ከኤሌክትሪክ መስመሩ። ይህ ነው የሚያዋጣው ድርሻ።

የአዳማ አቧራስ? በጋ ላይ ፓነል ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይተኛል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ አለበት፣ ጠዋት በማለዳ፣ ብርጭቆው ሳይግል። ውሃ መሥሪያ ቤት ውሃ አያጣም፤ የሚጠፋው አጣቢው ነው። በሥራ መደብ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሥራ አይሠራም።

ነፋስ

አጭር ልሁን። የአዳማ ነፋስ እውነተኛ ሀብት ነው። በጋ ላይ፣ ግድቦች ውሃ በሚቀንሱበት ወቅት፣ ስለሚበረታ ለአገሪቱ መስመር ጥሩ አጋር ነው። ለውሃ መሥሪያ ቤት ግን አንድ ተርባይን ተክሎ ማስተዳደር ሌላ ሙያ ነው። 70 ሜትር ላይ ወጥቶ የሚጠግን ቡድን፣ ትልቅ ክሬን፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ። 102 ተርባይን ያለው ጣቢያ ቡድን ይቀጥራል፤ አንድ ተርባይን ያለው ግን ተርባይኑ በቆመ ቁጥር ሰው ይለምናል። ትንንሾቹ፣ ጣሪያ ላይ የሚሰቀሉት፣ ከዚህም አይሻሉም፤ የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ኪዩብ ስለሚያድግ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ነፋሱ በመስመሩ በኩል እየደረሰን ነው። ይበቃናል።

ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት እና ፍሳሽ

ከላይኛው ማጠራቀሚያ ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ሲወርድ ግፊቱ በዝቶ ቧንቧ እንዳይፈነዳ መቀነሻ ቫልቭ የተገጠመበት ቦታ ካለ፣ እዚያ የሚጣል ኃይል አለ። በሰከንድ 50 ሊትር የሚያልፍበትና 40 ሜትር ግፊት (ውሃን 40 ሜትር ሽቅብ የሚያነሳ ያህል) የሚቀነስበት ቦታ ላይ፣ በግልባጭ የሚዞር ተራ ፓምፕ ወደ 12 ኪሎዋት ሊያወጣ ይችላል። ብዙ አይደለም። ለዚያ ቦታ መብራት፣ ለክሎሪን መጨመሪያና ለመቆጣጠሪያ መሣሪያ ግን ከበቂ በላይ ነው፣ ሌሊትም አይተኛም። አሮጌ ፓምፕና የአገር ውስጥ ወርክሾፕ ይበቃዋል። ወጣት መሐንዲሶች ይህን ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

ከፍሳሽ የሚወጣው ባዮጋዝ ሌላ ቦታ ተአምር ሠርቷል። ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚበላው በላይ ኤሌክትሪክ ያመርታል። ይህ የሆነው ግን የከተማው ፍሳሽ በመስመር ተሰብስቦ አንድ ቦታ ስለሚደርስ ነው፤ የምግብ ፋብሪካ ተረፈ ምርትም ይጨመርበታል። እኛ ጋ አብዛኛው ቤት የሚጠቀመው የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ እንነጋገርበታለን።

ራስ መትከል ወይስ ኃይሉን ከባለሀብት መግዛት?

ሶላሩን ወሰናችሁ እንበል። ሁለት መንገድ አለ። የራሳችሁ አድርጋችሁ መትከል፣ ወይም ድርጅት ተክሎ በኪሎዋት ሰዓት እንዲሸጥላችሁ ማድረግ። ሁለተኛው ማራኪ ነው፤ ገንዘብ አታወጡም፣ ጥገናም የሻጩ ነው። ውሉ ግን ከ15 እስከ 20 ዓመት ያስራል። ዋጋው በዶላር የተሰላ ከሆነ አትፈርሙ። ውሃ የሚሸጠው በብር ነው። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ምን ያህል እንደወረደ ሁላችንም አይተናል። ያንን ልዩነት ጀሪካን ተሸክማ ቦኖ ላይ የምትሰለፍ እናት ልትከፍለው አይገባም።

ውሉ ላይ ሌሎች የሚጠየቁ አሉ። የተመረተውን ሁሉ እንድትገዙ የሚያስገድድ አንቀጽ አለ ወይ? ፓምፑ ለጥገና በቆመበት ቀንም ትከፍላላችሁ? የተረፈውን ወደ መስመር መመለስ ይፈቀዳል ወይ? ይህንን ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በጽሑፍ ሳታገኙ ስሌቱ ውስጥ አታስገቡት። ኢንቨርተሩ ሲበላሽ ስንት ቀን ውስጥ ይቀየራል፣ መለዋወጫው አገር ውስጥ አለ ወይ? ዋስትናውን የሚሰጠው አስመጪው ነው ወይስ ፋብሪካው? አስመጪው ሱቅ ቢዘጋ ማን ይጠየቃል?

ጨረታ ስታወጡ ደግሞ በርካሽ ዋጋ ብቻ አታወዳድሩ። ተጫራቹ በመጀመሪያው ዓመት በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚያወጣ ይጻፍ። የሐምሌን ለብቻ፣ የጥርን ለብቻ ይጻፍ። ካላወጣ ምን ያህል እንደሚቀጣም ይጻፍ። የፓምፕ ጣቢያው ኦፕሬተር በግምገማ ኮሚቴው ውስጥ ይቀመጥ፤ ያንን ቫልቭ በየቀኑ የሚይዘው እሱ ነው፣ የትኛው ሞተር እንደሚግልና የትኛው ቧንቧ እንደሚንቀጠቀጥ የሚያውቀው እሱ ነው።